ቪክቶሪያ ፏፏቴ፦ ውሃው ሲሞላ ወይስ ሲጎድል?

የመንገድ ሰው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ካለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እስቲ ፎቶውን አሳየን» ይለኛል። የማሳየው ነጭ ነገር ብቻ ነው፤ ከታች ነጭ፣ ከላይ ነጭ፣ መሃል ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰ የማላውቀው ሰው ጀርባ። የሄድኩት በኤፕሪል አጋማሽ ነበር (ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ የዛምቤዚ ወንዝ እስከ አፍ ገደፉ በሚሞላበት ሰሞን።

በዚምባብዌ በኩል ለገባ ሰው በምዕራቡ ጫፍ፣ የአሳሹ የሊቪንግስተን ሐውልት ከቆመበት አጠገብ ያለው ዴቪልስ ካታራክት («የዲያብሎስ ፏፏቴ») የሚባለው የፏፏቴው ክፍል ገና ራሱን አይሸሽግም። ውሃው ሲታጠፍ፣ አረንጓዴነቱን ጥሎ ነጭ ሲሆን፣ ከዓለቱ ሲላቀቅ ሁሉንም ታያላችሁ። ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ከዋናው ፏፏቴ ፊት ስትቆሙ ግን ማየት የሚባለው ነገር ያበቃል። ገደሉ እዚያው ፊታችሁ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የምታዩት የሚንከባለል ጉም ነው። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ከጎን ይመታል፣ ከገደሉ ሥርም በነፋስ ተገፍቶ ሽቅብ ይመጣና በአገጭ ሥር ይገባል። የተከራየሁት የዝናብ ልብስ ከውስጥም ከውጭም እኩል ረጠበ። ድምፁን የሰማሁት በደረቴ ነው። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃል ግን አይሰማኝም።

እንግዲህ ክርክሬ ይኸው። አስጎብኚዎች «በደንብ ለማየት ሴፕቴምበር ላይ ሂድ» ይላሉ። እኔ ለማየት ብቻ ከሆነ ፖስት ካርድ ይበቃል ባይ ነኝ። 1,708 ሜትር የሚሰፋ ወንዝ ባለ በሌለ ኃይሉ ከ100 ሜትር በላይ ሲወድቅ እዚያው አጠገቡ መቆም ሌላ ነገር ነው። ኤፕሪል ላይ ሂዱ፣ ርጠቡ፣ ምንም አትዩ። የሚቃወመኝ ካለ ይምጣ።

ሰማያዊ ጃንጥላ፦
መጣሁ። ወንድሜ፣ የነገርከን ስለ ዝናብ ነው። ዝናብ ለማግኘት ደግሞ ዛምቤዚ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

እኔ የሄድኩት በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ወንዙ ከስቷል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ገደሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። ስለ ውሃው ሁሉም ያወራል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን መውጫው ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት የሚወርደው ወንዝ ከገደሉ የሚያመልጠው 110 ሜትር ገደማ በምትሰፋ በአንዲት በር ነው። በእርሷ ተጨናንቆ ያልፍና ቦይሊንግ ፖት ወደሚሉት ማዕበል ይገባል፣ እየተሽከረከረ ከድልድዩ ሥር ይሄዳል። ይህን በኤፕሪል ማን አየው? አንተ አላየኸውም።

ከዛምቢያ በኩል ደግሞ በጀልባ ወደ ሊቪንግስተን ደሴት ተሻግሬ ዴቪልስ ፑል («የዲያብሎስ ገንዳ») ውስጥ ገብቻለሁ። ፏፏቴው ከንፈር ላይ ያለ የዓለት ጎድጓዳ ነው፤ ጠርዙ ከፍ ስለሚል ሰውን ይይዛል። ያለ አስጎብኚ ማንም አይገባም። የሚከፈተውም በጥቅሉ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ወንዙ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሆዴን ዓለቱ ላይ አድርጌ ቁልቁል ለማየት ስፈልግ አስጎብኚው እግሬን እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ያዘኝ፤ አየሁ። ከጎኔ የሚያልፈው ውሃ ሲወርድ መጀመሪያ አንድ ወጥ ነው፣ ዝቅ ሲል ይበጣጠሳል፣ ወደ ታች ሲደርስ ጭስ ብቻ ይሆናል። አንተ ያገኘኸው ያንን የመጨረሻውን ነው።

ሳልደብቅ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በዚያ ወቅት ከዛምቢያ በኩል ፏፏቴ ፍለጋ የሚመጣ ሰው የሚጠብቀው በአብዛኛው ደረቅ ጥቁር ግድግዳ ነው። ባረፍኩበት ሆቴል «ገንዘባችን ይመለስ» እያሉ ከአስጎብኚያቸው ጋር የሚጨቃጨቁ ቱሪስቶች ነበሩ። እውነት አላቸው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ሰማያዊ ጃንጥላ ገደሉን በማንሳቷ ደስ ብሎኛል፤ እንጀራዬ ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

አካባቢው በሙሉ የቆመው የዛሬ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ በረጋ ላቫ፣ ማለትም በባዛልት ላይ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። ትልልቆቹ ስንጥቆች በአብዛኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፤ ከጊዜ በኋላ ለስለስ ባለ ደለል ተሞሉ። ወንዙ ወደ ደቡብ ሲወርድ በጠንካራው ባዛልት ላይ ይንሸራተትና ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ያንን ለስላሳ ሙሌት እየቦረቦረ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ቪክቶሪያ ከተራራ የሚወርድ ፏፏቴ ያልሆነው። ከላይ ያለው መሬት ሜዳ ነው፤ ወንዙ በሰላም እየፈሰሰ መጥቶ መሬቱ ከሥሩ ይከዳዋል። ከወዲያ ማዶ ያለው የገደሉ አፍም ከፏፏቴው ራስ ጋር እኩል ከፍታ አለው፤ ተመልካች ፊት ለፊት ቆሞ ዓይን ለዓይን የሚተያየው በዚህ ምክንያት ነው። ርጭቱ በዚህ መጠን ሰው ላይ የሚመጣውም ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። በጠባብ ገደል ውስጥ የወደቀ ውሃ አየሩን ይገፋል፤ አየሩ ወደ ላይ ሲያመልጥ ብናኙን ይዞ ይወጣል።

ከአውሮፕላን ላይ ያየ ሰው ከፏፏቴው በታች ያሉትን የገደል እጥፋቶች ያስታውሳል፤ ወንዙ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እያንዳንዱ እጥፋት በአንድ ዘመን ፏፏቴው የነበረበት ቦታ ነው። የአሁኑ ስምንተኛው ነው። የመንገድ ሰው ቶሎ ያለፈው ዴቪልስ ካታራክት ደግሞ ከቀሪው የፏፏቴ ክፍል ዝቅ ያለ ነው፤ ወንዙ ቀጣዩን ስንጥቅ መቆፈር የጀመረው እዚያ ነው። እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልነቃነቅም ነበር።

ገና ጀማሪ፦
ሰላም፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ዕቅድ ላይ ስለሆንኩ ሁሉንም በጥሞና እያነበብኩ ነው። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ እዚያ አገር ዝናቡ በማርች ያበቃል ይባላል፤ ታዲያ ወንዙ በኤፕሪል እንዴት ይሞላል? ሁለተኛ፣ በ2019 «ቪክቶሪያ ፏፏቴ ደረቀ» ተብሎ ፎቶው በየቦታው ሲዞር አይቻለሁ። እውነት ነው?

ካርታ ወዳጅ፦
የመጀመሪያው መልስ ካርታ ላይ አለ። ዛምቤዚ የሚነሳው በሰሜን ምዕራብ ዛምቢያ ነው፤ አንጎላን ያቋርጥና ተመልሶ ወደ ምዕራብ ዛምቢያ ይገባል። እዚያ የባሮትሴ ሜዳ ይጠብቀዋል። ሰፊና ዝርግ ስለሆነ ጎርፉ ተዘርግቶ ይተኛበታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ፏፏቴው ዘንድ ሲደርስ የአካባቢው ዝናብ ቆሟል። የሎዚ ሕዝብ ንጉሥ ሊቱንጋ በየዓመቱ ውሃው ሲነሳ በታላቅ ጀልባ ከሌአሉይ ወደ ሊሙሉንጋ የሚሸጋገሩበት ኩኦምቦካ የሚባል በዓል አለ፤ በአብዛኛው ማርች ወይም ኤፕሪል ላይ ይውላል። ፏፏቴውን የሚሞላው ያው ጎርፍ ነው። ደህና ዝናብ በጣለበት ዓመት በኤፕሪል በሰከንድ ወደ 3,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል፤ በኖቬምበር ወደ 300 ገደማ ይወርዳል። የመንገድ ሰውና ሰማያዊ ጃንጥላ የማይግባቡት አለምክንያት አይደለም፤ ያዩት ወንዝ አሥር እጥፍ ይለያያል።

ስለ 2019፦ ድርቁ እውነት ነበር፣ ከባድም ነበር። በጊዜው የዛምቢያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤድጋር ሉንጉ ራሳቸው ፎቶዎቹን አሰራጭተው ነበር። ነገር ግን በብዛት የተሰራጨው ፎቶ የምሥራቁ ጫፍ ነው፤ እርሱ በደህናው ዓመትም ቢሆን በበጋው መጨረሻ ይደርቃል። በዚያው ሰሞን በዴቪልስ ካታራክት በኩል ውሃው ይወርድ ነበር፤ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወንዙ ሲከሳ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል። በማርች 2020 መጨረሻ ደግሞ ወንዙ በሰከንድ ከ4,000 ሜትር ኩብ በላይ ደረሰ። የአንድ ቀን ፎቶ አይቶ ደረቀ የሚል ሰው፣ በሌላ ቀን ፎቶ ደግሞ ጎርፍ መጣ ይላል።

ለዕቅድሽ የሚጠቅምሽ፦ የዛምቤዚ ወንዝ ባለሥልጣን የሚባለው የሁለቱ አገሮች መሥሪያ ቤት የውሃውን መጠን በድረ ገጹ ያወጣል። ከማንም አስጎብኚ ቃል እርሱ ይሻላል።

ሰማያዊ ጃንጥላ፦
የምሥራቁ ጫፍ የሚደርቀው በተፈጥሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዛምቢያ በኩል 108 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ማመንጫ አለ፤ ውሃውን የሚጠልፈው ከዚያው ጫፍ በላይ ነው። በኤፕሪል ማንም አያስተውለውም። በኦክቶበር ግን እያንዳንዱ ጠብታ ይቆጠራል።

ካርታ ወዳጅ፦
ልክ ነው፤ ረስቼው አልነበረም፣ ጽሑፌ እንዳይረዝም ብዬ ነው። መብራት የሚፈልገውም ሰው እዚያው ስለሚኖር በቱሪስት ዓይን ብቻ የምንፈርደው ጉዳይ አይመስለኝም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ውሃውን በደንብ ተከራከራችሁበት፤ የድልድዩን ታሪክ ግን ማንም አላነሳውም። በ1905 የተከፈተ፣ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ የብረት ድልድይ ነው፣ ከወንዙ 128 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። የእንግሊዙ ቅኝ ገዢ ሴሲል ሮድስ ባቡሩ ሲያልፍ የፏፏቴው ርጭት ሰረገላዎቹ ላይ እንዲያርፍ ፈልጎ ነበር ይባላል፤ እርሱ ግን በ1902 ሞተ፣ ፏፏቴውንም በዓይኑ ሳያየው ቀረ።

እኔ ያንን ቦታ መጀመሪያ ያወቅሁት ለጉብኝት ሳይሆን በዜና ነው። ኦገስት 26 ቀን 1975 የሮዴዢያው (የዛሬዋ ዚምባብዌ) የነጮች መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝና በአቤል ሙዞሬዋ የተመሩት የጥቁሮች የነፃነት መሪዎች በድልድዩ መሃል በቆመ ባቡር ውስጥ ተቀመጡ። የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳና የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ፎርስተር አሸማጋይ ነበሩ። ሰረገላው የድንበሩ መስመር ላይ ስለቆመ አንዱ ወገን ከሮዴዢያ፣ ሌላው ከዛምቢያ ሳይወጣ ይነጋገር ነበር። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከልጄ ጋር ስሄድ ሰው ሁሉ ወደ ፏፏቴው ሲያይ እኔ የባቡር ሐዲዱን ነበር የማየው። ዛሬ በዚያው ድልድይ ላይ ወጣቶች በላስቲክ ገመድ ታስረው 111 ሜትር ቁልቁል ይዘላሉ፤ ዘመን እንዲህ ነው።

ጉልበቴ ደካማ ስለሆነ ለእኔ ቢጤዎች ልንገራችሁ፦ በዚምባብዌ በኩል ያለው መንገድ የተነጠፈና በአብዛኛው ሜዳማ ነው። በዛምቢያ በኩል ወደ ቦይሊንግ ፖት የሚያወርደውን አልሞከርኩትም፤ ልጄ ወርዶ ሲመለስ ላቡን ሳይ ትክክል ማድረጌን አወቅሁ።

የመንገድ ሰው፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የባቡሩን ስብሰባ ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ድልድዩ ላይ ቆሜም አላወቅሁትም ነበር።

ለጀማሪዋ፦ በዚምባብዌ በኩል ዴንጀር ፖይንት የሚባል ዓለት አለ፤ አጥር የለውም፣ ውሃ ሲበዛ ደግሞ ሳሙና የተቀባ ያህል ያሟልጫል። ጫማሽ የሚይዝ ይሁን። ጀግንነት ካማረሽ ሌላ ቦታ ፈልጊለት።

ሌንስ ጠራጊ፦
የመንገድ ሰው ፎቶው ነጭ የሆነበት ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ሌንሱን ጠርጎ ነበር? በሙላት ወቅት ካሜራን መጥረግ ከማንሳት ይበልጣል። ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይግባ፣ ደረቅ ጨርቅ ደግሞ ከልብስ ሥር ይቀመጥ። ብዙ ሰው ጨርቁን ኪስ ውስጥ ይይዛል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨርቁ ራሱ ይጠረጋል።

ቀስተ ደመና የሚፈልግ ጀርባውን ለፀሐይ ይስጥ፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ይመልከት። ሜዳ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ቀስተ ደመና ከአድማስ በታች ይጠልቃል። እዚህ ግን ብናኙ ከእግራችሁ ሥር ስለሆነ ገደሉ ውስጥ ቁልቁል ታዩታላችሁ። በዛምቢያ በኩል ናይፍ ኤጅ ከሚባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ሆኜ ግማሽ ክብ ተብሎ የሚሳለውን ነገር ሙሉ ክብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አይቼዋለሁ።

የጨረቃው ቀስተ ደመና ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ምሽቶች አካባቢ ፓርኮቹ ማታ ይከፈታሉ፤ ውሃው ሲበዛ ነው የሚያምረው። ግን እንዳትታለሉ፦ በፎቶ ላይ የምታዩት ሰማያዊና ቀይ የካሜራ ሥራ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ዓይናችን ቀለም ስለማይለይ የምታዩት ፈዛዛ ነጭ ቅስት ነው። ለእኔ በቂ ነበር፤ አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ግን እስካሁን እንደተሸወደች ነው የምትቆጥረው።

ዝንጀሮው ያውቃል፦
በዛምቢያ በኩል ምሳ በእጃችሁ ይዛችሁ እንዳትንቀሳቀሱ። ዝንጀሮዎቹ ፕላስቲክ ከረጢት ሲያዩ ከእናንተ በፊት የምግቡን ዓይነት ያውቁታል። የእኔን ሲወስድ ዓይኔን እያየ ነው የወሰደው።

ደርሶ መልስ፦
ክርክሩ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ሁለታችሁንም ወደ ኢጉዋሱ ብልካችሁ ትታረቁ ነበር። በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር 2.7 ኪሎ ሜትር ላይ የተበተኑ 275 ገደማ ፏፏቴዎች ናቸው። በብረት መተላለፊያ ላይ እየሄዳችሁ «የዲያብሎስ ጉሮሮ» የሚሉት አፍ ላይ ትደርሳላችሁ። እየረጠባችሁም በደንብ ታያላችሁ፤ ወቅት መምረጥ ብዙም አያስጨንቅም።

ሰማያዊ ጃንጥላ፦
ዲያብሎስ ግን በየፏፏቴው ቤት መሥራቱን አስተዋላችሁ? ካታራክቱ የእርሱ፣ ገንዳው የእርሱ፣ ጉሮሮው የእርሱ።

የመንገድ ሰው፦
ኢጉዋሱን አላየሁም፣ አላቃልልምም። ነገር ግን «ወቅት መምረጥ አያስጨንቅም» ያልከው ለእኔ ምስጋና አይደለም። የቪክቶሪያ ጥሩ ነገሩ በስድስት ወር ልዩነት ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ሰማያዊ ጃንጥላ የዋኘችበትን ዓለት እኔ በሄድኩበት ሰሞን የነካ ሰው ተጠራርጎ ይሄድ ነበር። በዚያው ልክ በታችኛው ገደል በጎማ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች ውሃው በጣም ሲበዛ ሥራ ያቆማሉ፤ ዋናው ወቅታቸው ከኦገስት ወዲያ ነው። እዚያ ለመቅዘፍ የሚመኝ ካለ ብዙ ባያዘገይ ደግ ነው፤ ሁለቱ አገሮች 2,400 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የባቶካ ግድብ ለመሥራት ለረጅም ጊዜ ሲያቅዱ ቆይተዋል፣ ከተሠራ ከእነዚያ ፈጣን ውሃዎች ብዙዎቹ ይሰጥማሉ።

ገና ጀማሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ፈቃድ የማገኘው በጁን መጨረሻ ነው፤ ሙላትም ጉድለትም አይደለም መሰለኝ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? ወረቀቱስ?

ካርታ ወዳጅ፦
ጁን መጨረሻ መልካም ነው። ውሃው ገና ብዙ ነው፣ ጉሙ ግን መከፋፈል ይጀምራል፤ ነፋስ በዞረ ቁጥር ፏፏቴው ይገለጥልሻል። ጠዋትና ማታ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ለረጠበ ሰው።

ሁለቱን ወገን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ድልድዩን በእግር መሻገር ትችያለሽ፣ በሁለቱም ጫፍ ኬላ አለ። ከቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ መግቢያው በእግር የሚደረስ ነው፤ የዛምቢያዋ ሊቪንግስተን ግን ከፏፏቴው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ታክሲ ያዢ። ካዛ የሚባል የጋራ ቪዛ አለ፤ በ50 የአሜሪካ ዶላር ለ30 ቀን በሁለቱ አገሮች መካከል ያመላልሳል። ለሁሉም ፓስፖርት ስለማይሰጥ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ኤምባሲያቸውን ጠይቂ። ካልተሰጠሽ ተመላሽ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ ተሻግረሽ እዚያ እንዳትቀሪ። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚነሳ ሰው የክትባት ካርዱን ይጠየቃል፤ ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው።

ሌንስ ጠራጊ፦
የጁንን ሙሉ ጨረቃ ቀን መቁጠሪያ ላይ እዪና ፈቃድሽን በእርሱ ዙሪያ ማድረግ ከቻልሽ አድርጊ።

ሰማያዊ ጃንጥላ፦
መጀመሪያ ዚምባብዌ ግቢ፣ ዴቪልስ ካታራክትን በጠዋት እዪ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ናይፍ ኤጅ ተሻገሪ። የሚቀየር ልብስ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ያዢ፤ ፓስፖርቱንም እንዲሁ። እርጥብ ፓስፖርት ይዞ ኬላ ላይ የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ መኮንኑ ገጾቹን አንድ በአንድ እየላቀቀ ሲያገላብጥ ከኋላው ያለን ሁሉ ጸሐይ ላይ ጠበቅን።

የመንገድ ሰው፦
ስትመለሺ የማን ወገን እንደሆንሽ እዚሁ ጻፊልን።